ራስን ዋስ ስለ መጥራት

በአገራችን በኖረው ልማድ፣ ሰው በማይታወቅበት ቦታ ሲገኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ማን ያውቅሃል?» ተብሎ ነው። ቤት የሚከራይ፣ ገንዘብ የሚበደር፣ በሥራ የሚቀጠር ሁሉ ዋስ ይጠራል። ዋሱም የታወቀ ሰው መሆን አለበት፤ ዋሱን የሚያውቅ ሁሉ፣ ዋስ የተሆነለትን ሰው ሳያውቀው ያምነዋልና። «ዋስህ ማን ነው?» ቢሉት «እኔው ራሴ ነኝ» ብሎ የሚመልስ ቢገኝ ግን፣ ወይ ቀልደኛ ነው ወይ አጭበርባሪ ነው ተብሎ ይሸኛል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት የተነሣነው እንደዚሁ ራሱን ዋስ ስለ ጠራ ነገር ነው። ነገሩ ግን ሰው አይደለም፤ በተከራየነው ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች፣ በመጠኗ ከመዝገበ ቃላት የማትበልጥ አንዲት ሰርቨር ናት።

ምናልባት «የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በሰርቨር ምን አገባችሁ? ለምሕንድስና ልጆች ተዉላቸው» የሚለን አይጠፋም። ያገባናል። በቤታችን አራት ነን። የአንዳችን ላፕቶፕ ቢሰበር የዓመታት ድካሙ አብሮ እንዳይቀበር ብለን፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከአንድ ሃርድ ዲስክ ጋር አገናኝተን የጋራ ጎተራ አድርገናታል። በጎተራዋ ውስጥ የክፍል ማስታወሻ አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ ገና ያልበሰለ ግጥምም አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለመመረቂያ ጽሑፋችን ብለን በየገጠሩ ዞረን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አንደበት የቀረጽነው ድምፅ ነው። ከነዚህም ሰዎች አንዳንዶቹ ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ጎረቤት ቂም፣ ስለ ገዛ ቤተ ሰባቸው ጉድ የተናገሩት አለ። ተናግረው ሲያበቁም «ልጆቼ፣ አደራ! ስሜን እንዳታወጡት» ብለውናል። እንግዲህ አደራ በመደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ የመደርደሪያው ቁልፍ ነገር የምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ይህች ሰርቨር የምታገለግለን በዋይፋይ ነው። ዋይፋዩንም እኛ ብቻ አንጠቀምበትም፤ አከራያችንም፣ የአከራያችን ልጆችም፣ የልጆቹ እንግዶችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ በእኛና በሰርቨሯ መካከል የሚመላለሰው ሁሉ መመስጠር ነበረበት። ለምስጠራውም ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚሰጠን ድርጅት ስላልነበረ፣ ሰርቨሯ ራሷ ጻፈችው፤ ራሷም ፈረመችው። በመጀመሪያው ቀን በብራውዘር ስንከፍታት «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ምልክት ታጅቦ ወጣ። ከማስጠንቀቂያው ሥርም፣ አንድ ሁለት ጊዜ በመጫን «ይሁን፤ ግባ» ብሎ ማለፍ የሚቻልበት ስርጥ መንገድ ነበረ። በቤታችን ብዙ ክርክር ያስነሣው ይኸው ስርጥ መንገድ ነው።

ክርክሩን ከመናገራችን በፊት የሰርተፍኬትን ሥራ በአጭሩ ብናስረዳ ይሻላል። ሰርተፍኬት ሁለት አገልግሎት አለው። የመጀመሪያው፣ ለሁሉ የሚገለጠውን ቁልፍ ተሸክሞ መምጣትና ምስጢራዊ ንግግር እንዲጀመር ማድረግ ነው። በዚህ በኩል በራሱ የተፈረመ ሰርተፍኬት ከማንም አያንስም፤ የቁልፉ ርዝመት ያው፣ የምስጠራውም ጥንካሬ ያው ነው። ሁለተኛው ግን ቁልፉ የማን እንደ ሆነ መመስከር ነው። ራሱን ዋስ የጠራው ሰርተፍኬት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በመካከል የገባ ሌባ በሰርቨሯ ስም ሌላ ሰርተፍኬት ጽፎ፣ እሱም እንደ እሷ ራሱ ቢፈርምበት፣ ብራውዘሩ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ንግግራችን በእርግጥ ይመሰጠራል፤ የተመሰጠረው ግን ከሌባው ጋር ነው። ማንም ሳይሰማን ምስጢራችንን ለራሱ ለሌባው ነገርነው ማለት ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች በአደባባይ እየተነጋገሩ ምስጢር ሊስማሙ የሚችሉበትን ዘዴ አሳዩ። የእያንዳንዱ ሰው ግልጥ ቁልፍም እንደ ስልክ ቁጥር በአንድ የጋራ መዝገብ ውስጥ ይገኛል ብለው አሰቡ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሁልጊዜ ወደ አንድ መዝገብ ሊሮጥ አይችልም። ሎረን ኮንፌልደር የተባለ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 «ስሙንና ቁልፉን በአንድ ወረቀት ላይ አድርገን፣ የታመነ አካል ይፈርምበት፤ ባለቤቱም ይዞት ይዙር» የሚል አሳብ አመጣ፤ ሰርተፍኬት ያለውም እርሱ ነው። አሳቡን ያቀረበው ታላቅ ፕሮፌሰር ሆኖ አይደለም፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለመጀመሪያ ዲግሪው በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከመጠጣት በቀር ምን ይሠራል ለምትሉ ወገኖቻችን ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ዛሬ ስልካችንም ላፕቶፓችንም ሲገዙ ከመቶ የሚበልጡ የታመኑ ዋሶች ስም ዝርዝር በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ሥር ሰርተፍኬት ይባላሉ። አንድ የባንክ ገጽ ስንከፍት ብራውዘራችን የሚጠይቀው «ከነዚህ ዋሶች አንዱ ፈርሞለታልን?» ብሎ ነው። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ይህንኑ የሥርና የቅርንጫፍ ሥርዓት በሕግ አቁሞታል።

አሁን ወደ ቤታችን ክርክር እንመለስ። አንዱ ጓደኛችን «ቤቱ የራሳችን፣ ማሽኗ የራሳችን፤ ማስጠንቀቂያው ምን ያስጨንቃችኋል? ተጭኖ ማለፍ ነው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ከታወቀ ዋስ ማስፈረም ነው እንጂ!» አለ። በእርግጥ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 በሩን ለሁሉ ከከፈተ ወዲህ ሰርተፍኬት በነፃ ይገኛል። ነገር ግን ዋሱ የሚፈርመው፣ ጠያቂው በዓለም መረብ ላይ የታወቀ ስም ባለቤት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። ስሙ ደግሞ በየዓመቱ የሚከፈልበት ኪራይ ነው፤ ከሻጮቹም ብዙዎቹ የሚቀበሉት የውጭ አገር ገንዘብ በሚከፍል ካርድ ነው። 192.168 እያለ በሚጀምረው የቤት ውስጥ ቁጥር ላይ ግን የትኛውም የታወቀ ዋስ አይፈርምም። ምክንያቱም ይህ ቁጥር የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሚሊዮን በሚቆጠር ቤት ውስጥ ያው ቁጥር አለ። ቀድሞ ለቤት ውስጥ ስሞች የሚፈርሙ ድርጅቶች ነበሩ፤ የሰርተፍኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች መድረክ ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 በፊት ሁሉም እንዲሰረዙ ወሰነ።

እኛ የያዝነው አሳብ ሦስተኛው ነበር። ማሽኗ ራሷ መፈረሟ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ዋስ የሌላትን ማሽን ካስገባን፣ የዋሱን ሥራ እኛው በእጃችን ልንሠራው ይገባል የሚል ነው። ይህ አሳብ በጊዜው እንደ ፍልስፍና ተቈጥሮ ተሣቀበት። «ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» ተባልንና ነገሩ አደረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተጭኖ ማለፍን የሚመክረው ጓደኛችን በአንድ ካፌ ተቀምጦ፣ በካፌው ዋይፋይ እየተጠቀመ ሳለ፣ እንደ ልማዱ የቤታችንን ሰርቨር ምልክት ነካ። ከቤት ውጭ መሆኑን ዘንግቶታል። ያው ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ እሱም ዓይኑን ሳያሳርፍ ያንኑ ስርጥ መንገድ ተከትሎ ገባ። የመጣለት ገጽ ግን የእኛ አይደለም። በካፌው መረብ ላይ ያንኑ ቁጥር የያዘ የጥበቃ ካሜራ መቅረጫ ነበረና፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጹን ዘረጋለት። መልኩ ስላልመሰለው እጁን ሰበሰበ። ማታ ቤት መጥቶ እየሣቀ ሲነግረን ግን ከመካከላችን የሣቀ ሰው አልነበረም። የካሜራው ገጽ የእኛን መልክ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ያስረክብ ነበር፤ በዚያም ቃል «ስሜን እንዳታወጡት» ያሉን እናት ድምፅ ይከፈት ነበር። ያቺ እናት ስለ ብራውዘር አያውቁም፤ እኛን ነው የሚያውቁት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጉዳቱን ያመጣው በራስ የተፈረመው ሰርተፍኬት ነውን? አይደለም። ጉዳቱን ያመጣው ልማድ ነው። ማስጠንቀቂያን በየቀኑ ያለ ምክንያት እያየ የሚያልፍ ሰው፣ ምክንያት ባለው ቀንም ያልፈዋል። አበው «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ያሉት ገንፎ አትብላ ለማለት አይደለም፤ እየተመለከትክ ብላ ለማለት ነው። ማስጠንቀቂያውም ቢያነቡት ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ፈራሚው አይታወቅም ይላል፤ አንዳንዱ ስሙ አይገጥምም ይላል፤ አንዳንዱ ዘመኑ አልፏል ይላል። ስልኩ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲሄድለት ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በእጁ የለወጠ ሰው እንኳ፣ ስልኩ ከፈረንጁ ዘመን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የባንኩም የጋዜጣውም ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ሆኖ ይታየዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓቱን ማስተካከል ነው፤ ለማይታወቅ ፈራሚ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሁሉንም በአንድ «እሺ» ማለፍ በሽታን ሁሉ በአንድ ክኒን እንደ ማከም ይሆናል።

መድኃኒቱንም አገኘነው፤ ነገሩም እንደ ተፈራው ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት አሻራ አለው፤ በተለመደው ስሌት 64 ፊደልና ቁጥር ሆኖ ይጻፋል። ሰርቨሯን በቀጥታ ከስክሪን ጋር አገናኝተን፣ በመካከል ዋይፋይ ሳይገባ፣ አሻራዋን ከራሷ አንብበን በወረቀት ላይ ጻፍነው። ከዚያም እያንዳንዳችን በየላፕቶፓችን ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ሰርተፍኬቱን ከፍተን፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ አስተያየነው። አንድ ፊደል ቢለይ ሌላ ሰው ነው። ይህን ያህል ፊደል መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ማሽን አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ያደረገ ሰው፣ ሰርተፍኬቱን ከነፊርማው በዓይኑ ያየ ምስክር ነው፤ ማንንም ዋስ አይለምንም።

ይሁን እንጂ በአራት ላፕቶፕና በአራት ስልክ ላይ፣ ሰርተፍኬቱ በታደሰ ቁጥር 64 ፊደል ማንበብ አይዘለቅም። ስለዚህ ሁለተኛ እርምጃ ተራመድን፤ የቤታችንን ሥር ሰርተፍኬት ሠራን። ይህ ማለት አንድ የቤት ዋስ አቋቋምን፤ ዋሱ ለሰርቨሯ ፈረመ፤ እኛም ዋሱን በእጃችን በየመሣሪያችን ላይ አንድ ጊዜ ጫንነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው አይወጣም። ከወጣም በእውነት የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። ትልቁ ትርፋችን ይህ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ቃል ክብሩ ተመለሰለት። ለሰርቨሯም በቁጥር ፋንታ ስም ሰጠናት። ለቤት ውስጥ መረብ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የተለየ ሆም ዶት አርፓ የሚል የስም መጨረሻ አለ፤ በዚያ ስም የተጠራች ሰርቨር በካፌ መረብ ላይ ስትፈለግ አትገኝም።

በዚህ ላይ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ሥር ሰርተፍኬት በስልክ ላይ መጫን ለአንድ ሰው «የፈለግኸውን ሁሉ ብትመሰክር አምንሃለሁ» ብሎ መፈረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በካዛኽስታን ሕዝቡ የመንግሥትን ሥር ሰርተፍኬት በስልኩ እንዲጭን ተነገረው፤ የጫነው ሰው የተመሰጠረ ንግግር በመካከል ሊፈታ የሚችል ሆነ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ያንን ሰርተፍኬት በብራውዘሮቻቸው ላይ አገዱት። ታላቅ ስም ያላቸው ዋሶችም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፍኬት በስሙ ተፈርሞ ተገኘ። ከነዚህ አንዱ በጉግል ስም የተፈረመ ሲሆን፣ በኢራን ያሉ ሰዎችን ግንኙነት ለመጥለፍ ዋለ። ብራውዘሮች ድርጅቱን ከዝርዝራቸው ፋቁት፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበርም ከሰረ። ትልቁ ዋስ ይህን ያህል ከወደቀ፣ በአራት ተማሪዎች ቤት የቆመ ዋስማ እንዴት ይጠበቅ ይሆን?

እኛ የምንጠብቀው እንዲህ ነው። የሥሩን ምስጢራዊ ቁልፍ በሰርቨሯ ላይ አላስቀመጥነውም፤ በይለፍ ቃል ተዘግቶ በአንዲት ፍላሽ ላይ ሆኖ በሣጥን ተቆልፏል። የሚወጣው ሰርተፍኬቷ ሲታደስ ብቻ ነው፤ ሲወጣም ሁለት ሰው ቆሞ ነው። ዋሱ ከቤታችን ስም በቀር ለሌላ ስም መመስከር እንዳይችልም በራሱ ውስጥ ገደብ ተጽፎበታል። ከቤቱ የሚለቅ ጓደኛ ሻንጣውን ከማውጣቱ በፊት ዋሱን ከስልኩ ያወርዳል። እንግዳ መጥቶ «አንድ ጊዜ ላድምጥ» ቢል የእኛን ላፕቶፕ እናውሰዋለን እንጂ ዋሳችንን በስልኩ ላይ አንጭንበትም፤ «ተጭነህ እለፍ»ም አንለውም።

ይህን ለመሥራት ለምታስቡ ወገኖቻችን ጥቂት የተግባር ምክር እንተዋለን። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ክሮም የሚመለከተው በአማራጭ ስሞች ሥር የተጻፈውን ነው፤ ስለዚህ የሰርቨሩን ስም እዚያ ሳትጽፉ ሰርተፍኬቱን ብትፈርሙ ዋሱ ቢጫንም ገጹ አይታመንም። የአፕል መሣሪያ ያላችሁ ከ825 ቀን የሚበልጥ ዕድሜ አትስጡት። የአንድሮይድ ስልክ ከ7ኛው ዕትም ጀምሮ በእጅ የተጫነን ዋስ ለብራውዘር ቢያሳምንም፣ ሌሎች መተግበሪያዎች ግን ሠሪያቸው ካልፈቀደ አይቀበሉትም። ስለዚህ ብራውዘሩ ሲከፍት መተግበሪያው እምቢ ቢላችሁ፣ ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ ሌሊቱን አትፍጁ። የስሙን ኪራይ መክፈል የሚችል፣ ብዙም ተጠቃሚ ያለው ማኅበር ከሆነ ደግሞ፣ የታወቀውን ዋስ ቢጠራ ይሻለዋል፤ ይህን የምንለው ያለ ቅሬታ ነው። የእኛ መንገድ የሚበጀው ሁሉም በአንድ ገበታ ለሚቀርቡ፣ ፊት ለፊት ለሚተያዩ ጥቂት ሰዎች ነው።

በየዶርሙና በየኪራይ ቤቱ እንደኛው ትንንሽ ሰርቨሮችን ያቆማችሁ ጓደኞቻችን ብዙ ናችሁ። ለጓደኞቻችሁ አድራሻውን ስትሰጡ «ቀይ ነገር ይወጣል፤ ዝም ብላችሁ እለፉ» የምትሉትን ቃል እባካችሁ ተዉት። ያቺ ቃል ከእናንተ ቤት ወጥታ የምትቀር አይደለችም፤ ጓደኛችሁ በባንኩ ገጽ ላይ፣ እናቱ በላከችለት ገንዘብ ላይ ይዟት ይሄዳል። በዚያች ፈንታ አሻራውን በወረቀት ጽፋችሁ በእጁ ስጡት፤ አብራችሁት ተቀምጣችሁም አስተያዩት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ ለራሱ የሚፈርም ሰው ግን ፊርማውን ከማብዛት ይልቅ ለሚያምኑት ሁሉ ፊት ለፊት ቀርቦ ማሳየት ይገባዋል።